ቴሌቪዥን ያረዳኝ ቀን

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በዚያ ዓመት፣ በመጋቢት ነው። ሞቱን መጀመሪያ ያሰማኝ ሰው አይደለም። ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ያውም ተንጋዶ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ዕቃ ያለኝን ንቀት ከነምክንያቱ ለማስቀመጥ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ያልጣመው ሰው ይተወው፤ አላስገድድም።

በእኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ሰው ሲሞትብህ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅህ ይመጣሉ። ገና ሲገቡ ልብህ ያውቀዋል። ቢሆንም ይቀመጣሉ፣ ይተክዛሉ፣ ከዚያ አንዱ አፉን ከፍቶ ይነግርሃል። ስትወድቅ የሚይዝህ አለ። ስትጮህ አብሮህ የሚጮህ አለ። እስኪነገርህ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅ እንኳ አፉን ይይዛል። መርዶ ከአፉ ያመለጠው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲወራበት ይኖራል። በእኛ ሰፈር አንዲት ሴት ነበረች፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ "ነፍስ ይማር" ብላ ለባለ ሐዘኑ ቀድማ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ልጇን እንኳ ስትድር ሰው ሁሉ የሚያነሣው ያንን ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት የዚያን ዕለት ምን እንደተነጠቅሁ እንድታውቁት ነው።

የምኖረው ጎሬ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ነው የኖርኩት። የመጨረሻ ልጄ ነርስ ናት። ጋምቤላ ከተማ አጠገብ፣ ጀዊ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። "አባባ፣ ይምጡና ይዩኝ፤ ሙቀቱም ለጉልበትዎ ጥሩ ነው" ስትለኝ ከረመች። ሄድኩ። ሙቀቱ ለጉልበት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለተቀረው ሰውነት ግን ቅጣት ነው። እሷ የምታድርበት የሠራተኞች ግቢ እንግዳ አያሳድርም ተብሎ መሃል ከተማ ሆቴል ያዘችልኝ።

ሆቴሉን በግንበኛ ዓይን ነው ያየሁት። ግድግዳው ጠማማ ነው፤ ቱንቢ የሚባል ነገር አልደረሰበትም። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ልክ ስለሌለው ውሃው ወደ ማፍሰሻው መሄዱን ትቶ ወደ አልጋው ይመጣል። ሌሊት ተነሥቶ ኩሬ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገርኳት። የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ራሷ የበሩን ጉበን ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ሳቂታ ሴት።

"አንተ አባባ፣ ውሃ መጣ አይደለም?" አለችኝ።

"መጥቷል። አልጋዬ ድረስ መጥቷል።"

"ውሃ ከመጣ ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አልመጣም።"

 ልትጠይቀኝ መጥታ አጠገቤ የነበረችው ልጄ "አንተ" መባሌን ሰምታ አፈረች፤ እኔ ግን አልከፋኝም። አማርኛ የእናቷ ቋንቋ አይደለም። ለሁሉም "አንተ" ነው የምትለው፤ ለአለቃዋም፣ ለፖሊሱም፣ ከካምፕ ለሚመጣው ፈረንጅም። አንቱታን አሳምረው እያወቁ ሰው የሚያዋርዱትን ደግሞ ብዙም ሳልቆይ አየሁ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ልጄ ሥራ መግባት ሲገባት ሆቴል መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። "ፈቃድ ወስጄ ነው" አለች። እኔ ባጃጅ ይዤ ባሮ ድልድይ አጠገብ ሱቅ ያላቸውን የጎሬ ሰዎች ልጠይቅ አስቤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

"ዛሬ አይውጡ አባባ። ፀሐዩ ልዩ ነው።"

"ትናንትም ያው ፀሐይ ነበር።"

"የዛሬው ይብሳል። ስልክዎንም ይስጡኝ፣ ታች ቻርጅ ላድርግልዎ።"

"እዚህ ሶኬት አለ አይደል?"

"ይኸኛው ይጎዳዋል" ብላ ወሰደችው። ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ወንድሜ የሞተው በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ኖሯል። ቀብሩ በዕለቱ ነው። እኔን ሳይጠይቁ "አይደርስም፣ ደሙም ይነሣበታል፣ ነገ ጠዋት በወጉ ይነገረው" ብለው ልጄና የወንድሜ ልጆች ቆርጠዋል። ደም ግፊት አለብኝ፤ እውነት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ወንድሙን አይቀብርም የሚል ሕግ ግን የትም አላነበብኩም።

ታዲያ እኔን ክፍል ውስጥ ለማዋል ምን ትሥራ? ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ስልኳን ወደሱ አዙራ ትነካካ ጀመር።

"ምን እያደረግሽው ነው?"

"ስልኬን ከሱ ጋር እያገናኘሁት ነው። ዋይፋይ ስላለ ከኢንተርኔት የፈለጉትን ያያሉ።"

"ዜና አድርጊልኝ።"

"ዜና ምን ያደርግልዎታል? የሚያዝናና ላድርግልዎ።"

"ተዝናንቼ የት ልደርስ?"

"ዝም ብለው ይዩ እስቲ አባባ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል።"

"ያልተጠራ እንግዳ በይዋ።"

ሳትስቅ ወጣች። እኔ ስቀልድ የማትስቅ ልጅ አይደለችም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ክፍሌ ፎቅ ላይ ስለሆነ መስኮቱ ግቢውን ያሳያል። ማንጎው ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልክ ስትደውል አየኋት።

እኔም አየሁ። ካየሁ አይቀር ልናገረው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ወፍራም ሰው ነው። በሁዳዴ ጾም ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል። አፉ አጠገብ ማይክ አስቀምጦ ሲያላምጥ ያሰማናል። ከመብላቱ በፊት "ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ!" አለ።

"የማን ቤተሰብ?" አልኩት። አልሰማኝም።

ቀጥላ አንዲት ሴት አዲስ ቤቷን ልታስጎበኘን መጣች። እሷም "ቤተሰብ" ትለናለች። ሳሎን፣ ጓዳ፣ ጫማ ማስቀመጫ፣ ለጫማ ብቻ የተሠራ ክፍል። ጂፕሰሙን ስታሳይ ማዕዘኑ ላይ የተሰነጠቀ አየሁ። ቤቱ ከታች ሰምጧል፣ መሠረቱ ችኮላ ነው፤ በሁለት ክረምት ውስጥ በሩ አልዘጋ ይላታል። እሷ ግን ስለ መጋረጃው ቀለም ታወራለች።

ከዚያ ሁለት ጎረምሶች። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ፊት የዱቄት ከረጢት አስቀምጠው ካሜራ ደቀኑባት። "እናታችን፣ ምን ተሰማዎት? ይንገሩን እስቲ! ቤተሰቦቻችን ይስሙ!" አሮጊቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንደኛው ነጠላውን በቀስታ፣ በአክብሮት ገለጠው። "እርስዎ እኮ ለኛ እናት ነዎት" እያለ። አንቱታ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። ያቺ ታች ያለችው ሴት "አንተ" ብላ ስታበቃ ዓይኔን አይታ ነው የምታናግረኝ። ይኼ "እርስዎ" ብሎ ፊት ይገልጣል።

ሁሉም ሲጨርሱ አንድ ነገር ነው የሚሉት። "ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑ፣ ደወሏን ተጫኗት!" ቤተሰብ መሆን ለነሱ እንዲህ ነው። በእናት አይደለም፣ በአባት አይደለም፣ በጋብቻ አይደለም፤ በጣት ነው። ሪሞቱን አንሥቼ ላጠፋው ብል የትኛው ማጥፊያ እንደሆነ አላወቅሁትም። ሁሉም ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው። ተውኩትና አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ጎረምሶቹ ያወራሉ፣ አየር ማራገቢያው ይንቋቋል፣ አንዱ ከሌላው አይሻልም።

ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ በወሬው መሃል ሳለ ምስሉ በድንገት ተቆረጠና የሚያላዝን ሙዚቃ ጀመረ። ድንኳን፣ ጥቁር የለበሰ ሰው፣ ግቢ። "ደሞ አሁን ለቅሶ ሊያሳዩን ነው" አልኩ። ለቅሶም እንደ ጥሬ ሥጋው ለሰው ሊቆረጥ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው ላዞር ስል የአጥሩን በር ምሰሶ አየሁ።

ድንጋዩን አወቅሁት።

ሰው ልጁን በፊቱ ያውቀዋል፤ እኔ ድንጋዬን በአጠራረቡ አውቀዋለሁ። ያንን ምሰሶ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ቤት ሲሠራ ከጎሬ ሄጄ፣ አንድ ክረምት ሙሉ እሱ ዘንድ ተቀምጬ፣ በገዛ እጄ ጠርቤ። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አጠገቤ ቆሞ "ስፌቱ ይታያል" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ምስሉ በዚያ በር አልፎ ገባ። ጠረጴዛ ላይ የወንድሜ ፎቶግራፍ፣ አጠገቡ ሻማ።

ተነሥቼ ቆምኩ። የቆምኩት ለማን እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ድምፅ ከበስተኋላ ይናገራል፤ የሞተብኝን ሰው ስም ሳይሳሳት ከነአባቱ ጠራ። "ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ዛሬ በታላቅ ሐዘን ነው የመጣነው" አለ። የተናጋሪው ማንነት ኋላ ተነገረኝ፤ የወንድሜ ልጅ ጓደኛ ነው፣ "ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች ይደርሳቸዋል" ብሎ የቀረጸ። ሙዚቃውንም እሱ ነው የጨመረው። ለቅሶው አነሰው መሰለኝ።

ቀጥሎም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የወንድሜ አስከሬን ከቤት ሲወጣ፣ ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለና ያ ድምፅ "ቤተሰብ ያልሆናችሁ ቤተሰብ ሁኑን" አለ።

ቤተሰቡ እኔ ነኝ። አንድ ጡት የጠባን እኔና እሱ ነን። ለኔ ያልተነገረው፣ ደወል ለተጫነ ሁሉ ተነግሯል።

ያኔ በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ልጄ ማንጎው ሥር ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን ታያለች፣ ወደ ጆሮዋ ትወስዳለች፣ ድምፅ የለውም፤ ጎኑን ትጫናለች፣ አሁንም የለውም፤ መታ መታ ታደርገዋለች። ነገሩ ገባኝ። የቀብሩን ቪዲዮ ልከውላት ከፍታዋለች። ስልኳን ግን ከኔ ቴሌቪዥን ጋር እንዳገናኘችው ረስታለች። እሷ በነካችው ቁጥር የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ምስሉም ድምፁም ክፍሌ ውስጥ ነበር።

አልጠራኋትም። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ሌላ ምን ላድርግ? የወንድሜ ቀብር ነው።

ሬሳውን ሲያነሡ ቦታዬን ፈለግሁ። በእኛ ወግ የኔ ቦታ ራስጌው በቀኝ በኩል ነበር። እዚያ ቦታ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ጃኬት የለበሰ፣ ሌላ እጁ ስልክ ላይ ሆኖ ተሸክሟል። ቤተ ክርስቲያኑ ደረሱ። ቀራጩ የሌላ ሰው መቃብር ላይ ወጥቶ ይቀርጻል፤ እግሩ በሐውልቱ ላይ ያለው ስም ላይ ነው። የወንድሜን ሚስት ፊቷ ድረስ ሄዶ ጥርሷን ሳይቀር አሳየን። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ቢኖር ዕድርተኛው በዱላ ነበር የሚያስወጣው። አሁን መንገድ ይለቁለታል። ቄሱ እንኳ ዕጣን ለሚያጥኑበት ጥና ቦታ ሲያጡ ለካሜራው ዘወር አሉ።

ጉድጓዱ አፋፍ ደረሱ። ገመዱን አዘጋጁ። እኔም ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብኩ፣ እጄ ሊደርስበት እስኪል።

በዚህ ጊዜ ሳሙና መጣ።

አዎ፣ ሳሙና። ማስታወቂያ። አንዲት ሴት ነጭ አንሶላ እያራገበች "ነጭ! ነጭ! በረዶ የመሰለ ነጭ!" ትላለች፣ ልጆች ይጨፍራሉ። ሪሞቱን ያዝኩና ያገኘሁትን ተጫንኩ። ድምፁ ጨመረ። ሌላ ተጫንኩ፣ ይባስ ጨመረ። "ነጭ!" እያለ ኮሪደሩ ሁሉ ተናጋ። ጎረቤት ክፍል ያለው እንግዳ ግድግዳውን ደበደበ። ሳሙናው አልቆ ምስሉ ሲመለስ ሣጥኑ ገመዱ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያቺ ደወል ትርገበገባለች።

እጄን ከኋላው ሰድጄ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ጥቁር ሆነ። ወንድሜ አፈር ሲገባ አላየሁም። እስከ ዛሬም አላየሁም። ሊያሳዩኝ የሞከሩ አሉ፤ "እዚህ ስልክ ውስጥ አለ እኮ" ይሉኛል። ይኑር። ሳሙና ሻጭ ካየው ይበቃል።

ወዲያው ከታች ያ ሙዚቃ ተሰማኝ። ቴሌቪዥኑ ከስልኳ ሲለያይ ድምፁ ወደሷ ተመለሰ። ልጄ ደንግጣ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው፣ ቀና ብላም ወደ መስኮቴ አየች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

እንባ መጣ። መለስኩት። "ገና አልተነገረህም" አልኩት ራሴን። ግትርነት ነው የሚል ይበል። መርዶ ሰው ይነግራል እንጂ ዕቃ አይነግርም። እኔ በሳሙናና በደወል መሃል ለተወረወረልኝ ነገር አላለቅስም። ደግሞም ካለቀስኩ ልጄ ታውቃለች፤ የአባቷን መርዶ ያፈሰሰች ልጅ ተብላ መኖሯ ነው። ያቺን የወፍጮ ቤቷን ሴት አስታወስኩ። ልጄን ለዚያ አልሰጣትም።

ሊመሽ ሲል የጾም በያይነቱ አስጠቅልላ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ቴሌቪዥኑን አጠፉት እንዴ?" አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

"ቀደም ብዬ ነው ያጠፋሁት። ሰለቸኝ።"

"ምን አዩ?"

"ሰው ሲበላ።"

"ሌላስ?"

"የተሰነጠቀ ጂፕሰም።"

ትንፋሿ ተመለሰ። አየሁት። "ዓይንሽ ምን ሆነ?" አልኳት።

"አቧራ ነው።"

"የጋምቤላ አቧራ ክፉ ነው።"

"በጣም" አለች።

ምግቡን ዘረጋችው።  ካልበላሁ ታውቃለች። ጎረስኩ። ድንጋይ ስፈልጥ ኖሬ እንደዚያ የከበደ ሥራ አልሠራሁም። እሷም እንዳልጠረጥራት ትጎርሳለች። ሁለታችንም በግድ እንበላለን። አንድ ጊዜ ጠቅልላ ስታጎርሰኝ ሽሮው ጺሜ ላይ ፈሰሰ። ጠረገችልኝ። እንደ ሕፃን።

"ነገ ጠዋት እንግዶች ይመጣሉ አባባ። ከመሥሪያ ቤቴ። ሊተዋወቁዎት።"

"በጠዋት?"

"ማለዳ። ሥራ ሳይገቡ።"

"ይምጡ" አልኩ። ማለዳ የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሆነ የማያውቅ የጎሬ ሽማግሌ ያለ ይመስል።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ታጠብኩ። ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በፎጣ ጠርጌ አወጣሁ፤ ሰው ተንበርክኮ ያለቅስበት ይሆናል። አልጋውን ወደ ጥግ ገፋሁ። ክፍሉ ያለው አንድ ወንበር ስለሆነ ታች ወረድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ቀና አለች።

"ወንበር ስጪኝ፤ ሰው ይመጣብኛል" አልኳት።

"አሁን? ጨለማ ነው እኮ።" ትኩር ብላ አየችኝ። "አንተ፣ ሰው ሞተብህ?"

"ገና ነው" አልኩ። "ሲመጡ ይነግሩኛል።"

 ፕላስቲክ ወንበሮቹን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ከፊቴ ደረጃውን ወጣች፣ እኔ ያሳየኋት ቦታ ደረደረችና ሄደች።

ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። የክሊኒኩ አለቃ የሆኑ አንድ የጎንደር ሰው፣ ከደብሩ አንድ ቄስ፣ እና የክሊኒኩ ዘበኛ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ። ልጄ ከኋላቸው፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ተከዙ። የጎንደሩ ሰው ጀመሩ። ንግግራቸው ረዥም ነው፤ ከአዳም ተነሡ። የወንድሜ ሥራ ንግድ ነበር አሉ፤ አላረምኳቸውም። አላስቸኮልኳቸውም። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።

"…እንግዲህ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድምዎ ታመው ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ታሞ?"

"አልተረፉም። ትናንት አፈር ለበሱ። እግዜር ያጥናዎ።"

ከወንበሩ ተነሣሁ፣ ጋቢዬን ከትከሻዬ ጣልኩ፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ወገቤን ያዙኝ፣ ልጄ እግሬ ላይ ወደቀች፣ እኔም ትናንት የመለስኩትን እንባ ለቀቅሁት።